ጆሮ ያወጣው ምሰሶ

ዲግሪዬን ይዤ ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እናቴ ላይ አይደለም፤ ምሰሶው ላይ ነው። ጆሮ አውጥቷል።

ቀልዴን አይደለም። ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ በሩን በሚያየው በኩል፣ መዳፍ የሚያክል ነገር ከእንጨቱ ወጥቶ ተደግኗል። ጠርዙ ነጭ፣ መሃሉ ቡናማ፣ ቅባት የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ። ከሰቆጣ ቦርሳዬን ተሸክሜ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ነው የመጣሁት። ከውጭው ፀሐይ ወደ ቤቱ ጨለማ ስገባ ዓይኔም ገና አልለመደም። እና ሰው ምሰሶው ውስጥ ቆሞ የሚያዳምጠኝ መሰለኝ።

"እማ፣ ይሄ ምንድነው?"

እናቴ አንገቴን አቅፋ እያገላበጠች ትስመኝ ነበር። ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ሄዳ እየጠመዘዘች ነቀለችና በበሩ ወደ ውጭ ወረወረችው። በጣሳ እበት አምጥታ የወጣበትን ቦታ በመዳፏ ለቀለቀችው።

"የጅብ ጥላ ነው" አለች እጇን እየታጠበች። "ቤት ሰው ሲያጣ ይበቅላል።"

ሰው ያለችው አባቴን ነው።

ቤታችን ጣራው አፈር ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ በላዩ ወራጅ፣ በወራጁ ላይ የተረበረበ እንጨት፣ ከዚያ በላይ የተደመደመ አፈር። ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው መሃል ላይ በቆመው የወይራ ምሰሶ ላይ ነው። አባቴ ነው ያቆመው፤ እናቴን ሊያገባ ሲል፣ እኔ ሳልወለድ። ቆሞ የደረቀ ወይራ ከገደል አፋፍ አግኝቶ፣ ከጎረቤት ወንዶች ጋር እየተፈራረቀ በሸክም አመጣው። ጠላ ሲቀምስ ምሰሶውን በጥፊ መታ እያደረገ "ይሄ እኔን ይቀብረኛል እንጂ እኔ አልቀብረውም" ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ወይራ አይበሰብስም ይባላል። እኛም እንዲያ እያልን ነው ያደግነው።

የአፈር ጣራ ግን ሰው ይፈልጋል። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ላዩ ላይ ወጥተህ ስንጥቁን ትደፍናለህ፣ አፈር ትጨምራለህ፣ ትደመድማለህ። ጦርነቱ ሲመጣ ማን ይደምድም? እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሸሸች። አባቴ "ከብቶቹስ? ቤቱስ?" ብሎ ቀረ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ ስልክ ተቋርጧል፤ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አላውቅም። እናቴ ስትመለስ በሩ ተከፍቶ አገኘችው። ከብቶቹ የሉም። አባቴ የለም። ኮቱ ግን አለ። ምሰሶው ላይ በተቸነከረው ኩላብ ላይ፣ ሁልጊዜ እንደሚሰቅለው ተሰቅሏል። ጣራው እያፈሰሰ ከርሞ ውሃው በምሰሶው በኩል ወርዷል፤ ኮቱ ግን በደረቁ በኩል ስለነበር አልረጠበም።

አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ሸለቆውን ሁሉ አሰሱ። አየሁ የሚል ጠፋ። ሬሳ ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጥንም። እናቴ "ይመጣል" አለች። ጎረቤቱ "ይመጣል" አለ። እኔም በስልክ "ይመጣል" አልኩ። አፌ ላይ የመጣውን የምናገር ሰው ነኝ፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የማይወደኝ። ያቺን ቃል ግን እንደማንም ደገምኳት።

የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። ስራ? ጠብቂ ተብያለሁ። ወረዳ ስሄድ "ማስታወቂያ ሲወጣ" ይሉኛል። ዞን ስሄድ "በጀት ሲለቀቅ።" እናቴ አባቴን ትጠብቃለች፣ እኔ በጀት እጠብቃለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ የማይጠብቅ የጅብ ጥላው፣ እንጉዳዩ ብቻ ነበር።

እናቴ የነቀለችው ጆሮ ፍሬው ነው። ዛፍ ፍሬውን ብትለቅምበት አይሞትም አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው። ዋናው አካሉ እንጨቱ ውስጥ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ክር። እርጥበት ካገኘ በእንጨቱ ጅማት መሃል እየሰረገ፣ ጅማቱን ያጣበቀውን፣ እንጨትን እንጨት ያደረገውን ነገር እየበላ ይሄዳል። ከውጭ ምንም አይታይም። እንጨቱ ቆሞ ነው የሚያልቀው። ፍሬውን ያየህ ዕለት ውስጡ ብዙ ተበልቷል።

በማግስቱ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ምሰሶውን በደንብ አየሁት። ከእግሩ እስከ ትከሻዬ ድረስ በእበትና በጭቃ ተለቅልቋል። አንዱ ልቅላቂ በሌላው ላይ፣ ድርብርብ። ከተመለሰች ጀምሮ በበቀለ ቁጥር ትነቅላለች፣ ከዚያ ለበዓል ግድግዳ እንደሚለቀለቀው አሳምራ ትለቀልቀዋለች። ቤት ማለት እንዲያ ነው የሚጠገነው፤ ከእናቷ ያየችው ነው። እንጨቱ ግን ርጥብ እንደሆነ ታፍኗል። እሷ ያዳነችው መስሏት ነበር፤ ያ በላተኛ ደግሞ ከፀሐይና ከነፋስ ተከልሎ ይበላል።

ቢላ አመጣሁና ልቅላቂውን ፋቅ አድርጌ ወጋሁት። ወይራ እኮ ነው! ሚስማር የሚያጣምም እንጨት። ቢላው እስከ እጀታው ገባ። ስስበው ነጭ ቃጫ ተከትሎት ወጣ፤ እርጥብ፣ እንደ ተፈተለ ጥጥ። ሽታው የደን ሽታ ነበር፤ ዝናብ ካባራ በኋላ የቤተክርስቲያን ደን ውስጥ ስትገባ የሚሸተው። አባቴ ክረምት ላይ ከቅዳሴ ሲመለስ ኮቱ እንዲያ ይሸት ነበር። ቢላውን ጠርጌ ቦታው መለስኩና ውጭ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። "እማ፣ ይሄ ቤት ይወድቅብሻል።"

"አንቺ ቢላ ወግተሽበት ነው?"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ቤቴን አላውቅም? ሰው ገላውን ሲወጋ አያውቅም?"

"እማ፣ ባዶ ሆኗል እያልኩሽ ነው። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ በቃ። እዚያ ነው የምትተኚው።"

የምትተኛው ከምሰሶው ስር ነው። መደብ እያለ፣ ቁርበቷን አንጥፋ ከኮቱ ስር።

"አባትሽ ሲመጣ ይቀይረዋል" አለች። ንግግሩ እዚያ አለቀ።

ስለ ኮቱ መናገር አለብኝ። በየጠዋቱ እናቴ ከኩላቡ ሳታወርደው የኮቱን ትከሻ በነጠላዋ ጫፍ ታራግፈዋለች። መጀመሪያ የቤት አቧራ ነው ብዬ ተውኩት። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን ትከሻው ላይ ቡናማ ብናኝ አርፏል። ደቃቅ፣ ወጥ፣ እንደ ተነፋ በርበሬ። ሁለቱ ትከሻዎችና አንገትጌው ላይ። እናቴ ታራግፈዋለች። በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

"ስትሄድ ነው የምታድረው" አለች አንድ ቀን፣ ለኔ ሳይሆን ለኮቱ። "ደግሞ መንገድ ላይ ነበርክ።"

ፀጉሬ ቆመ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። መደቡ ላይ ወጥቼ በስልኬ መብራት ላዩን አየሁ። ምሰሶው ከወራጁ በሚገናኝበት፣ እጇ በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ፣ ትልቅ ጆሮ ተንጠልጥሏል፤ እንጀራ ቁራሽ የሚያክል። ሆዱ ነጭ ነው። በመብራቱ ውስጥ ከሆዱ ቡናማ ጭስ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። ድምፅ የለውም። በቀጥታ ኮቱ ላይ።

"እማ፣ ነይ እዪ። አቧራ አይደለም። የእንጉዳዩ ዘር ነው፤ ከላይ እየዘራው ነው።"

ቀና ብላ አየች።

"ከሰቆጣ ስትመጪ ትከሻሽ ላይ ምን ነበር?"

"አቧራ።"

"መልኩስ?"

መልኩ ያው ነበር።

ድምፁም ነበር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ጣራው መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ምሰሶው ውስጥ ቋ ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቋ። በር በጣቱ ጫፍ የሚመታ ሰው ዓይነት። ጅማቱ እየተበጠሰ እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ ግን እንዲያ ነበር የሚያንኳኳው፤ የራሱን በር። ከውጭ ሲመጣ አንዴ መታ አድርጎ፣ ቆይቶ እንደገና መታ አድርጎ ይገባል፤ እናቴ "እንግዳ ነህ እንዴ?" ትለው ነበር። አሁን ቋ ሲል ዝም ብላ ትነሳና በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። የሚገባ ሰው ግን የለም፤ ነፋስ ብቻ። አንድ አመሻሽ እሷ ጎረቤት ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። ቋ አለ። ሳላስበው ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ በእናቴ ማፌዝ ተውኩ።

ግንቦት እያለቀ አጎቴን ጠራኋቸው። አጎቴ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ጠንካራ እንጨት፣ ባላ፣ ይዘው መጡ፤ ለድጋፍ። ምሰሶውን በጣታቸው አንጓ መታ መታ አደረጉትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ ዛሬ ነገ የሚባልበት አይደለም" አሉ።

"ታዲያ ይንቀሉት አጎቴ! እንጨት አለዎት፣ ሰው አለ።"

"ማን ይንቀለው?" አሉ። "የሰው ምሰሶ ባለቤቱ እጁን ሳያኖርበት አይነቀልም። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነም ተለቅሶ፣ ተፈትቶ፣ ከዚያ ወንድም ይነካዋል። በቁሙ ምሰሶውን ብነቅልበት ቤቱን አፈረስኩበት ማለት ነው። እኔ በወንድሜ ላይ ያን አላደርግም።"

"እንጉዳዩ እኮ ፍታት አይጠብቅም።"

"አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጡት አፍ ብቻ ነው?"

"ስራውን ስለከለከሉን አፋችንን ይዘን መጣን።"

ሳቁ፤ ሳቃቸው በሳል አለቀ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። "እሺ፣ አንቺ፣ አንነቅለውም። ይሄን ባላ ብቻ ከጎኑ ላቁምልሽ። ምንም አይነካውም።"

እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም። "ለቆመ ሰው ምርኩዝ አይሰጠውም" አለች። "ይውሰዱት።"

"እንዴ፣ ቢወድቅብሽስ?"

"እሱ በኔ ላይ አይወድቅም።"

አጎቴ ባላውን ወደ ቤታቸው አልወሰዱትም። ውጭ ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ሄዱ። እኔን ሲያልፉ ቀስ ብለው "አደራ፣ አንቺ እንኳ እዚያ አትተኚ" አሉኝ። አንቺ እንኳ! እናቴን ትተዋታል ማለት ነው። ሁሉም ትተዋታል። አገር ምድሩ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም እሷ እስክትጀምር ይጠብቃል፣ እሷ ደግሞ እዚያ እንጨት ስር ትተኛለች።

ሰኔ መግቢያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ብዙ አይደለም፤ አፈሩን ያጨቀየ ያህል። ምሰሶው ላይ ግን በትከሻዬ ልክ ልቅላቂው ተሰነጠቀና ቁራጭ ጭቃ ቁርበቷ ላይ ወደቀ። አንስታ ወደ ውጭ ጣለችው፤ ቁርበቷን ግን አላንቀሳቀሰችም። ያኔ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው።

"አባዬ ሞቷል" አልኩ።

እንዲህ፣ ጮክ ብዬ። በዚያ ቤት ውስጥ ሲባል የመጀመሪያው ነው። የገዛ ጆሮዬ ሲሰማው ነው የገባኝ፤ ለካ እኔም ውስጤ የሆነ ቦታ ላይ በሩን ገርበብ አድርጌ ኖሬያለሁ።

እናቴ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ወደ ኮቱ ዞራ በአገውኛ፣ በኽምጣና፣ ተናገረች። እኔና እሷ ስንጣላ በአማርኛ ነው፤ ከአባቴ ጋር ግን ሁልጊዜ በኽምጣና ነው የምታወራው። ያለችው ገብቶኛል። "ልጅ ናት፣ አትስማት" ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ትቀመጣለች፣ አትናገርም። እኔ መኝታዬን ወደ በሩ ስቤ እተኛለሁ፤ ቢወድቅ እግሯን ይዤ እጎትታታለሁ ብዬ። ሞኝነት ነው። የአፈር ጣራ ሲወድቅ ጊዜ አይሰጥም።

የሆነው በቀትር ነው። ደመና ነበር፣ ዝናብ አልነበረም። እናቴ ምስሯን በሰፌድ ይዛ በሩ አጠገብ ለብርሃኑ ተቀምጣለች፤ እኔ ስልኬ ላይ የስራ ማስታወቂያ እፈልጋለሁ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ኩላቡ ከምሰሶው ወጣ። ማንም ሳይነካው፣ ጥርስ ከድድ እንደሚወጣ፣ ከነኮቱ ወረደ። ኮቱ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ትንሽ ቆሞ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ። ከትከሻው ቡናማው ብናኝ ብን ብሎ ወጣና በበሩ ብርሃን ውስጥ ቆየ።

ምሰሶው ላይ የቀረው ቀዳዳ ነጭ ነበር፤ የዳቦ ውስጥ መሳይ፣ ርጥብ።

ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ጣራውን አየሁ፤ ቆሟል። እናቴ ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀመጠች። ሄዳ ኮቱን አነሳችና ጭኗ ላይ አጣጠፈችው። እጅጌውን በእጅጌው ላይ፣ አንገትጌውን ወደ ውስጥ። ለመንገደኛ አይታጠፍም እንዲያ።

"ደከመው" አለች።

"እማ፣ እንጉዳዩ ነው" አልኩ። ምን ላድርግ፣ ወጣብኝ። "ኩላቡ የተያዘበት እንጨት አልቆ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

"አውቃለሁ። ስትነግሪኝ ደንቆሮ መሰልኩሽ?"

"ታዲያ እስካሁን ለምን...?"

"እኔ ባወርደው ገደልኩት ማለት ነው። ወንድሙ ቢያወርደው ወንድሙ። አንቺ ብታወርጂው አንቺ።" ኮቱን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። "አሁን ራሱ ወረደ።"

ተነስታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ደጃፉ ላይ ወጣችና ጮኸች።

ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ከእናቴ ውስጥ የወጣ አይመስልም ነበር፤ ከአፈሩ እንጂ። እኔ የገረመኝ ግን ጎረቤቱ ነው። ወዲያው መጡ። ማንም "ምን ሆንሽ" ብሎ አልጠየቀም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ከየእርሻው፣ ከየቤቱ፣ ማዶ ካለው ዳገት እየጮኹ ወረዱ። ለካ ሁሉም እንባቸውን አዘጋጅተው ከየበራቸው ኋላ ቆመው ኖረዋል። አጎቴ ግቢያችን ውስጥ "ወንድሜ" ብለው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ኮቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ከፊታቸው አስቀመጡት፤ ለቅሶው በሱ ላይ ተለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ባዮሎጂ አልረዳኝም።

ሰው ቤቱ ውስጥ አልገባም፤ አጎቴ ከለከሉ። የዚያን ዕለት እናቴ ከቤታችን ውጭ፣ ጎረቤት ቤት ተኛች፤ ከሽሽት ከተመለሰች ወዲህ መጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ፍታቱ ከተፈታ በኋላ አጎቴና የሰፈሩ ወንዶች ወራጁን በባላዎች ደግፈው ምሰሶውን ነቀሉ። መጀመሪያ የነኩት አጎቴ ናቸው፤ ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙት። ወንዶቹ ይከብዳል ብለው ተዘጋጅተው ነበር፤ ሲስቡት ወደ ኋላ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ክብደት የለውም። አባቴ ከገደል አፋፍ ከስንት ወንድ ጋር ያመጣውን ወይራ እኔ ብቻዬን አቅፌ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ልብሴ በነጭ ቃጫ ተሞላ።

አንዷ ጎረቤታችን "ለማገዶ ልውሰደው?" ብላ ጠየቀች። እናቴ "ነበልባል የለውም፣ ተይው" አለቻት። ከጓሮ ካቡ ስር አጋደምነው።

አሁን ሐምሌ ነው። አዲሱ ምሰሶ ገና ነጣ እንዳለ ነው፣ አመሻሽ ላይ ድምፅ የለውም፤ እናቴም በሩን ገርበብ አታደርግም። እኔ ግን ፀሐይ ስትዘቀዝቅ አሁንም ጆሮዬን እሰጣለሁ። ልማድ ነው። ማስታወቂያም አልወጣም።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጓሮ ወጣን። አሮጌው ምሰሶ ከእግሩ እስከ አናቱ ጆሮ በጆሮ ሆኗል፤ ትንንሾች፣ ትልልቆች፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ጎንበስ ብዬ ትልቁን ልነቅል እጄን ሰደድኩ።

"ተይው" አለች እናቴ። "ይብላ። ቀባሪ ካጣ እሱ ይቅበረው።"

እጄን መለስኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥቂት አየችው።

"ስንት ዓመት ይፈጅበታል?"

"አላውቅም እማ። እንደ እርጥበቱ ነው።"

"ይህንንስ አላስተማሯችሁም?" አለችና ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ገባች።